ኑዛዜ ማጽናናት ነው፦ ያፈራነውን ለማን እንተው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

የዛሬው ትምህርታችን የንስሐ ልጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁት ጉዳይ ነው። «አባታችን፥ ድንገት ብሞት በላቤ ያፈራሁትን ለማን ልተው?» ይላሉ። ጥያቄው ስለ ገንዘብ ይመስላል። ቀርበን ስናየው ግን ስለ እናት፥ ስለ ልጅ፥ ስለ ወንድምና እኅት ሰላም፥ ስለ ራሳችንም ነፍስ ነው። ስለዚህ በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን እንመልከተው።

የቃሉ ትርጉም

በአማርኛችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። በካህን ፊት ኃጢአትን መናገር ኑዛዜ ነው። ሰው ከመሞቱ በፊት ስለ ሀብቱና ስለ ልጆቹ የሚተወው ቃልም ኑዛዜ ነው። የቃሉ ሥር ግእዝ ሲሆን ናዘዘ ማለት አጽናና፥ አረጋጋ ማለት ነው። መንፈስ ቅዱስ ጰራቅሊጦስን አባቶቻችን ናዛዚ ብለው የሚጠሩትም አጽናኝ ስለሆነ ነው።

ልብ በሉ፤ ኑዛዜ ማለት ማጽናናት ከሆነ፥ የተናዘዘ ሰው ከሞተ በኋላም የሚያጽናና ሰው ነው። እንግዲህ ኑዛዜያችንን የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ነው፦ እኔ ስሄድ ይህ ወረቀት የሚቀሩትን ያጽናናል ወይስ ያጣላል? ለወደድኩት ሽልማት፥ ላስቀየመኝ ቅጣት አድርጌ ከጻፍኩት ስሙ ኑዛዜ ቢሆንም ሥራው ኑዛዜ አይደለም።

«ሟርት አታውራ» ለምንል

ብዙዎቻችን ይህ ወሬ ሲነሣ እንሸሻለን። «ገና ወጣት ነኝ፤ ሞትን በአፌ አልጠራም» እንላለን። ነገር ግን ንጉሡ ሕዝቅያስን አስቡ። በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ቤቱ እንዲያዝዝ፥ ማለትም ቤቱን እንዲያስተካክል ነገረው (2ኛ ነገ. 20፥1)። ሕዝቅያስም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፥ ጸለየም። እግዚአብሔርም በዘመኑ ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። «ቤትህን አስተካክል» የተባለው ሰው ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ኖረ። ቤትን ማስተካከል ሞትን አይጠራም።

ዝምታ ግን ጠብን ይጠራል። ንጉሥ ዳዊት ባረጀ ጊዜ ማን እንደሚተካው በግልጽ ሳያሳውቅ ቆየ። ልጁ አዶንያስ ሠረገላና ፈረሰኞች አዘጋጅቶ ራሱን አነገሠ። ነቢዩ ናታንና ቤርሳቤህ ገብተው ባይነግሩት ኖሮ የሰሎሞንና የእናቱ ሕይወት አደጋ ላይ ነበረ (1ኛ ነገ. 1)። የዳዊት ቤት እንኳ በዝምታ እንዲህ ከታወከ የእኛ ቤትማ እንዴት ይሆን?

ስደተኛው ጦቢት

ለእኛ ለስደተኞች የሚቀርበው ምሳሌ ጻድቁ ጦቢት ነው። በጳጉሜን በቅዱስ ሩፋኤል በዓል ታሪኩን ሁላችን ሰምተናል። ጦቢት ከአገሩ ተማርኮ በነነዌ ይኖር ነበር። ሥራ ነበረው፥ ገንዘብም አጠራቀመ። ከዚያም ዐሥር መክሊት ብር በሌላ አገር በሜዶን ራጌስ በገባኤል እጅ በአደራ አስቀመጠ። ኋላ ዓይኑ ታወረ፥ ደኸየ፥ መሞትንም ለመነ። ያን ጊዜ ያ ገንዘብ ትዝ አለውና ልጁን ጦብያን ጠርቶ ተናዘዘለት።

በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 4 የኑዛዜውን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ ስለ ቀብሩ ተናገረ። ቀጥሎ እናቱን እንዳይተዋት፥ በዘመኗ ሁሉ እንዲያከብራት አዘዘው። ቀጥሎ እግዚአብሔርን እንዲያስብ፥ ለድሆች እንዲመጸውት፥ የሠራተኛውን ደመወዝ ሳያሳድር እንዲከፍል መከረው። ገንዘቡ የት እንዳለና በማን እጅ እንዳለ የነገረው በመጨረሻ ነው። ደግሞም በቃል ብቻ አልተወውም፤ የተጻፈ ሰነድ ነበረው፥ ለልጁም ሰጠው። ቅዱስ ሩፋኤል ወደ ገባኤል ሲሄድ ያን ሰነድ ይዞ ሄደ፤ ገባኤልም ማኅተሙ ያልተፈታ ከረጢቶቹን አውጥቶ አስረከበ።

መልአክ እንኳ አደራ ሊቀበል ሲሄድ ወረቀት ይዞ ሄደ። እኛ ግን የሰባትና የስምንት ዓመት ድካማችንን ያለ አንድ ወረቀት በሰው እጅ አስቀምጠን እንተኛለን።

በመጀመሪያ፦ የእኔ የሚባለው የቱ ነው?

«ለማን ልተው?» ከማለታችን በፊት «ምን አለኝ? በማን ስምስ ነው?» ማለት ይገባናል። ሰው የራሱ ያልሆነውን ሊያወርስ አይችልምና።

ለምሳሌ አንዲት እኅት ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ በየወሩ ገንዘብ ላከች እንበል። በዚያ ገንዘብ ቤት ተሠራ። ካርታው ግን በታላቅ ወንድሟ ስም ነው፤ ያን ጊዜ እሷ እዚህ ስለነበረች «ለጊዜው» በእሱ ስም ወጣ። ወንድምየው ደግ ሰው ይሆናል። ግን እሱ ቢሞት ቤቱን የሚወርሱት የእሱ ልጆች ናቸው። እሷ ብትሞት ደግሞ ልጇ «ይህ የእናቴ ላብ ነው» ቢል በወረቀት ላይ የእናቱ ስም የለም። በኑዛዜዋ ላይ «ቤቴን ለልጄ» ብላ ብትጽፍም ጽሑፉ የሚጣላው ከካርታው ጋር ነው።

መፍትሔው ወንድምን መጠርጠር አይደለም። በሕይወት ሳላችሁ በሰላሙ ጊዜ ስሙን ማስተካከል ነው። ወንድም ወይም አባት በውክልና ሊገዛላችሁና ሊያሠራላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን በውክልና በእናንተ ስም ይግዛ እንጂ በራሱ ስም አይግዛ። መጽሐፈ ሲራክም ሰው በሕይወት ሳለ ለልጅም፥ ለሚስትም፥ ለወንድምም፥ ለወዳጅም በራሱ ላይ ሥልጣን እንዳይሰጥ፥ ርስቱን የሚያካፍለው በዘመኑ ፍጻሜ እንዲሆን ይመክራል። ይህ ምክር ክፋትን አያስተምርም፤ በኋላ የሌላውን እጅ ከማየትና ከመቆራረጥ ይጠብቃል እንጂ።

እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጻፉ፦

1. በስማችሁ ያለ ቤት፥ ቦታ፥ ተሽከርካሪ፥ የአክሲዮን ወረቀት።

2. የባንክ ሒሳብ፤ የትኛው ባንክ፥ የትኛው ቅርንጫፍ፥ በማን ስም። የምስጢር ቁጥራችሁን ግን ለማንም አትጻፉ።

3. በአሠሪያችሁ እጅ የተቀመጠ ደመወዝ። «ማዳም ትያዝልኝ» ያላችሁትን የስንት ወር እንደሆነ፥ ስንት እንደሆነ ቀን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ቢቻል እሷም ትፈርምበት። የጦቢትን ሰነድ አስቡ።

4. ያልደረሳችሁ ዕቁብ፥ ያበደራችሁት ገንዘብ።

5. ያለባችሁ ዕዳ። ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላል፤ በሕጉም በነፍስም እንዲሁ ነው። የጉዞ ወጪ ያበደረን ዘመድ፥ ከጓደኛ የተወሰደ ወርቅ ሳይጻፍ ቀርቶ ያ ሰው ማስረጃ አጥቶ እንዳያለቅስ።

6. በሥራ ውላችሁ ላይ የሕይወት መድን ካለ የተጠቃሚው ስም ማን ተብሎ እንደተጻፈ እዩ። በአገራችን ሕግ የመድን ገንዘብ ተጠቃሚው በስም ከተጠቀሰ ወደ ውርሱ አይገባም፤ በቀጥታ ለተጠቀሰው ሰው ይሰጣል። ከዐሥር ዓመት በፊት ስትመጡ የቀድሞ እጮኛችሁን ስም አስጽፋችሁ ከነበረ፥ ዛሬም የሚሠራው ያ ስም ነው።

ያልጻፈ ሰው ሀብት ወዴት ይሄዳል?

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያልተናዘዘ ሰው ሲሞት ሕጉ በደም ዝምድና ያወርሳል። ልጆች ካሉ ልጆች በእኩል ይወርሳሉ፤ ወንድ ሴት፥ ታላቅ ታናሽ አይባልም። ልጆች ከሌሉ አባትና እናት ይወርሳሉ። አባት ሞቶ ከሆነ የእሱን ድርሻ ልጆቹ ይወስዳሉ፤ ከሌላ የወለዳቸው ቢሆኑም።

ይህ ሥርዓት በራሱ ፍትሕ አለው። ግን ለስደተኛ ሁለት ክፍተት አለበት፤ እነዚህን በደንብ ያዟቸው።

አንደኛው፥ ልጅ ካላችሁ እናታችሁ አትወርስም። ልጃችሁን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፥ በየወሩ በምትልኩላት ብር የምትኖረው እናታችሁ በሕጉ ፊት ድርሻ የላትም። ልክ በምትሞቱበት ወር የእሷም መተዳደሪያ ይቆማል። የልጃችሁ ድርሻ ደግሞ 18 ዓመት እስኪሞላው በሞግዚት እጅ ይቆያል፤ ያ ሞግዚት ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየው አባቱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፥ ባል ወይም ሚስት በሕጉ ወራሽ አይደሉም። በጋብቻ ውስጥ አብረው ካፈሩት የጋራ ሀብት ግማሹ የራሳቸው ነው፤ የእናንተን ድርሻ ግን ካልተናዘዛችሁላቸው አይወርሱም።

እዚህ ላይ ጌታችንን እናስብ። በመስቀል ላይ ሳለ የነበረችውን ልብስ ወታደሮች ተካፈሏት፥ በእጀ ጠባቡም ዕጣ ተጣጣሉ። ቤት የለውም፥ ወርቅ የለውም። ነገር ግን በዚያ ጭንቅ ሰዓት እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር፥ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)። ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። በዚህም ለእኛ ሁሉ እናት ሆና እንደተሰጠችን አባቶቻችን ያስተምሩናል። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ «እናቴ በማን እጅ ትኖራለች?» የሚለውን ሳይመልስ ነፍሱን አልሰጠም። እኛስ ያለ መልስ እንሄዳለን?

ለማን? አምስት ምክሮች

አንደኛ፥ በእናንተ እጅ የሚኖረውን አስቀድሙ። ከምንወደው በፊት የሚፈልገንን እንይ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደካደ ያህል ቆጥሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ሦስት እኅቶች ካላችሁና ሁለቱ ቤታቸውን ይዘው ከኖሩ፥ አንዷ ግን እናታችሁን ስታስታምም ሳታገባ ከቀረች፥ እኩል መስጠት ሁልጊዜ ትክክል መስጠት አይሆንም። ለዚያች እኅት ከፍ ማድረግ አድልዎ አይደለም። ምክንያቱን ግን በኑዛዜው ላይ በፍቅር ቃል ጻፉ። ሌሎቹ ምክንያቱን ሲያነቡ ይረጋጋሉ፤ ምክንያት ያጣ ሰው ግን ክፉ ምክንያት ይፈጥራል።

ሁለተኛ፥ ከልጆቻችሁ አንዱንም አትርሱ። በኦሪት ዘዳግም 21 ሰው ከሚጠላት ሚስት የተወለደውን በኵር ትቶ ከሚወዳት የተወለደውን እንዳያስቀድም ታዝዟል። በቀድሞ ትዳር የተወለደ፥ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፥ በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ሁሉ ልጅ ነው። ሴት ልጆችንም አትዘንጉ፤ አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት በጠየቁ ጊዜ እግዚአብሔር በእውነት ተናገሩ ብሎ ፈረደላቸው (ዘኍ. 27)። ጻድቁ ኢዮብም ለሦስቱ ሴቶች ልጆቹ ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት ሰጥቷቸዋል (ኢዮ. 42፥15)።

በዚህ በስደት አገር ልጅ ወልዳችሁ ለቤተሰብ የደበቃችሁም አላችሁ። የንስሐውን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት። የልጁን ነገር ግን በወረቀት ጨርሱት። ልጁ የልደት ማስረጃ ይኑረው፥ በኑዛዜውም በሙሉ ስሙ ይጠቀስ። እናቱ ከሞተች በኋላ «ልጅዋ ነኝ» ብሎ የሚከራከር ሕፃን እንዳይሆን። ኀፍረታችን በልጁ ላይ ዕዳ ሆኖ መውደቅ የለበትም።

ሦስተኛ፥ ኑዛዜን የበቀል በትር አታድርጉት። ቂም ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ ታረቁ፥ ከዚያ ጻፉ። በሕጋችን ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ ጽፎ ነው፤ ሕጉ እንኳ በቁጣ መንቀልን በዝምታ አያልፈውም። ሙት አይታረቅም፤ በቁጣ የተጻፈ መስመር ማንም ሊደልዘው አይችልም።

አራተኛ፥ ያሳደገውንና ያስታመመውን አስቡ። በስደት ላይ ደም የማይዛመደን ሰው ወንድም ይሆናል። በአንድ ክፍል አብራችሁ የኖረች፥ ስትታመሙ ያስታመመች ጓደኛ በሕጉ ምንም ድርሻ የላትም። ልጃችሁን ያሳደገች አክስትም እንዲሁ። ልታስቧቸው ብትወዱ ስማቸውን መጻፍ ብቻ ነው መንገዱ።

አምስተኛ፥ ስለ ነፍሳችሁ የምትተውት ከሚገባቸው ሰዎች አፍ ተነጥቆ አይሁን። ይህን እኔ ካህን ሆኜ መናገሬን ልብ በሉልኝ። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል 7 ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቍርባን ነው» ብለው የሚከለክሉትን ገሥጿቸዋል። ቤተ ክርስቲያን የምእመናንን ስጦታ ትቀበላለች፥ ትባርካለች፥ ለድሆችም ታደርሳለች። ነገር ግን እናታችሁ እየተራበች ለቤተ ክርስቲያን የሚተው ሀብት ደስ አያሰኛትም። አስቀድማችሁ የቤታችሁን ድርሻ አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን፥ ለአብነት ተማሪዎች፥ ለነዳያን የምትተዉትን ቁጥሩን ለይታችሁ ጻፉ። በግል የንስሐ አባታችሁን ስም ወራሽ አድርጋችሁ አትጻፉ፤ ካህኑንም ከሐሜት፥ ቤተሰባችሁንም ከጥርጣሬ ትጠብቃላችሁ።

ተዝካርንም በዚሁ አስቡት። ጸሎተ ፍትሐትና በቅዳሴ መታሰብ፥ ለድሆች ማብላት መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለአርባው ቀን ድግስ ተብሎ በሬ ታርዶ፥ ድንኳን ተጥሎ፥ ለወላጅ አልባው ልጅ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ያለቀበት ቤት አለ። በኑዛዜያችሁ ላይ «ለተዝካሬ ከዚህ በላይ አይውጣ፥ ለነዳያን ይሁን» ብላችሁ ወስኑ። እናንተ ከወሰናችሁት ቤተሰብ «ሰው ምን ይለናል» ከሚለው ቀንበር ያርፋል።

እንዴት ይጻፍ?

ሕጋችን ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል።

አንዱ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በላዩ ይጻፋል፥ ተናዛዡና ምስክሮቹ ያኔውኑ ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

ሁለተኛው በተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ነው። ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ጻፉት፤ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይጠቀስ፥ ቀን ይኑረው፥ በየገጹ ፈርሙ። ይህ በሰባት ዓመት ውስጥ በሰነድ አረጋጋጭ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ሲሆን ስለ ቀብር፥ ስለ ልጆች ሞግዚት፥ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤትና የባንክ ገንዘብ በቃል አይተላለፍም።

ስለዚህ በስልክ የተቀዳ ድምፅ፥ በመልእክት የተላከ ጽሑፍ ሐሳባችሁን ያሳይ ይሆናል እንጂ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት ላይ በጋራ ሊናዘዙ አይችሉም፤ ለየብቻ ይጻፉ።

ውክልናን በሚመለከት ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ለወንድሜ ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ ብሞት እሱ ያውቃል» ይባላል። ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። በሕይወት ሳላችሁ ብቻ ይሠራል። ደግሞም ሌላ ሰው በእናንተ ስም እንዲናዘዝላችሁ ልትወክሉት አትችሉም፤ ኑዛዜ የራስ ቃል ነውና። የኑዛዜ አስፈጻሚ ግን በኑዛዜው ውስጥ ልትሾሙ ትችላላችሁ፤ ታማኝ፥ በአገር ቤት ያለ፥ ከወራሾቹ ጋር የማይጣላ ሰው ምረጡ።

በምትኖሩበት አገር ያለው ገንዘብ ደግሞ በዚያው አገር ሕግ ሊታይ ስለሚችል፥ የእያንዳንዱ አገር ሥርዓት ይለያያል። ለምሳሌ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ሙስሊም ላልሆኑ ነዋሪዎች የወጣው የፌዴራል ሕግ ኑዛዜ የጻፈ ሰው ሀብቱን ለመረጠው እንዲተው ይፈቅዳል። ኑዛዜ ከሌለ ግን ግማሹ ለትዳር ጓደኛ፥ ግማሹ ለልጆች በእኩል ይሆናል። በሌላ አገር ያላችሁ በአገራችሁ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፥ ሕግ በሚያውቅ ሰውም ጠይቁ። መኖሪያ ፈቃዳችሁ ያለፈባችሁም በእጃችሁ ጽፋችሁ ቀን ከማኖርና ከመፈረም የሚከለክላችሁ የለም፤ ስለ ፈቃዱ ስትጨነቁ ይህን አታዘግዩት።

የጻፋችሁትን ለሚታመን ሰው የት እንዳለ ንገሩ። ከፓስፖርታችሁ ቅጂ ጋር የምትጠሩትን ሰው ስልክና ክርስትና ስማችሁን አስቀምጡ፤ ለጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው እሱ ነውና። አስከሬናችሁ የት እንዲቀበር እንደምትሹም ጻፉ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ በስልክ ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ። ስታገቡ፥ ስትወልዱ፥ ወራሽ ያላችሁት ሰው ሲሞት ደግሞ ኑዛዜውን አድሱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በሉቃስ ወንጌል 12 አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው እንዲነግርለት ጌታን ጠየቀው። ጌታም በመካከላቸው አካፋይ ሊሆን አልፈቀደም፤ ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስተማረ፥ የዚያንም ጎተራ የሚያሰፋ ባለጠጋ ምሳሌ ነገራቸው። ባለጠጋው ያከማቸው ለማን እንደሚሆን ሳያውቅ በዚያች ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። እዩ፤ የምሳሌው ጥያቄና የእኛ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ሁሉ ለማን ይሆናል?» ባለጠጋው አላሰበበትም። እኛ እናስብበት።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ያላችሁንና ያለባችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ። ቀጥሎ በእናንተ እጅ የሚኖሩትን ሰዎች ስም ጻፉና በእያንዳንዱ ስም ላይ «እኔ ነገ ባልኖር ይህ ሰው በምን ይኖራል?» ብላችሁ በጸሎት ጠይቁ። በመጨረሻም የተጣላችሁት ካለ ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉለት። ከዚያ በኋላ በእጃችሁ ጻፉ፥ ቀን አኑሩ፥ ፈርሙ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ቅረቡና ሌላውን ኑዛዜ ፈጽሙ። ሁለቱ ኑዛዜዎች እኅትማማች ናቸው፤ አንዱ ነፍሳችሁን ያጽናናል፥ ሌላው የምትተዉአቸውን።

የጦቢትን ልጅ መንገድ የመራ ቅዱስ ሩፋኤል የእናንተንም መንገድ ይምራ። ላባችሁን እግዚአብሔር ይባርክ፥ በደኅና ወደ አገራችሁ መልሶ የልጆቻችሁን ልጆች ያሳያችሁ። የተዋችሁትም ለቤታችሁ ሰላም ይሁን። የእግዚአብሔር ቸርነት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።